ከግድግዳው ማዶ እናቴ ነበረች

አማርኛ መጻፍ ስለቻልኩ ደስ ብሎኛል። በአፌ ሲሆን ይተሳሰርብኛል፤ በእጄ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ነገር እስከ መጨረሻው ልናገረው።

ኦክላንድ ያለው የማኅበራችን አዳራሽ የቆየ ሕንፃ ነው። አባቴና ሌሎች አባላት ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የሚሸከም እንጨት ሊመቱ ስለሚሰበሰቡ፣ እናቴና እኔም አብረነው ከሳን ሆዜ ሄድን። ኔይል ገኑን፣ ምስማር የሚተኩሰውን መሣሪያ፣ የያዙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። መሣሪያው በአየር የሚሠራው ዓይነት አይደለም። ምስማሩን ኮንክሪትና ብረት ውስጥ የሚሰደው በትንሽ የባሩድ ጥይት ነው።

እኔ ትምህርት ቤት የኮንስትራክሽን ክላስ እወስዳለሁ። መምህራችን ከሁሉ በፊት ያስተማሩን፣ ምስማሩን መጀመሪያ በመዶሻ መሞከር ነው። ጫፉ ከደነዘ ግድግዳው ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ተሰባሪ ነው። ምስማሩ ዝም ብሎ ከገባ ደግሞ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ በማዶ ይወጣል።

ሞከርኩት። ሁለቴ ስመታው ሰጠመ። ከቀለሙ ሥር ያለው ውስጡ ባዶ የሆነ ሸክላ ነው።

«ጋሼ፣ ስቶፕ ያድርጉ። ይሄ ኮንክሪት አይደለም» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ድልድይ ሠርቻለሁ።» መከላከያ መነጽራቸውን እንኳን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉት ነው።

«ድልድይ ከኋላው ሰው የለውም። ከዚህ ግድግዳ ኋላ ግን እናቴ አለች።»

ወንዶቹ ሳቁ። አንዱ «በቃ፣ ኢንስፔክተር መጣችልን» አለ። አባቴ አልሳቀም።

«አንቺ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ነው የምታወሪው» አለኝ በዝግታ። ይህ ድምፁ ከጩኸቱ ይብሳል። ግድግዳው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። እንጨቱን ያዘላቸው።

ሮጬ በኮሪደሩ ዞርኩ። ማዶው ኩሽና ነው። እናቴ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማ፣ ካም ሂር። ናው።»

«ይቺን ልጨርስ።»

«ይተኩሳሉ እኮ፣ ግድግዳው ባዶ ነው።»

«አባትሽ አለ አይደል እንዴ እዚያ?»

በሽርጧ ጎተትኳት። ቢላዋው ወደቀ፣ ሳህኑ ተገለበጠ፣ ተቆጣችኝ። ገና እየተቆጣችኝ ሳለ ጧ አለ። ምስማሩ እሷ ቆማበት በነበረው በኩል ወጥቶ ፊት ለፊት ያለው ፍሪጅ በር ላይ ተሰካ።

ሁሉም ተሯሩጠው መጡ። ጋሼ ፍሪጁን አዩና አማተቡ። «እመቤቴ ናት ያተረፈችን» አሉ። ሰው ሁሉ አማተበ፤ እናቴም። ወደ እኔ የዞረው አባቴ ብቻ ነው። እሱም ጋሼ እንዳያፍሩ ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ቅድም ለተናገርሽው ጋሼን ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ።

እናቴን አየኋት። ወለሉ ላይ የተበተነውን ሽንኩርት ትለቅማለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ሁሉም ደስ አላቸው። ፒዛ ኦርደር ተደረገ።

ከመሄዳችን በፊት እናቴ የማኅበሩን ቀን መቁጠሪያ አምጥታ የኩሽናው ግድግዳ ቀዳዳ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። «ጋሼ ባዩት ቁጥር እንዳይከፋቸው» አለች። ለመለጠፍ መንጠራራት አላስፈለጋትም፤ ልክ በደረቷ ቁመት ነበር።