አስረሳሽ የሰጠችን ቡችላ

አስረሳሽ ስትማታ አይቻለሁ፤ ዱላዋንም ቀምሻለሁ። ስለዚህ ስለ እሷ ለማውራት ከብዙ ሰው እሻላለሁ።

የምትኖረው ከእንጦጦ ማርያም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ መሐል፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። በወጣትነቷ ከጫካው እንጨት እየተሸከመች ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ታወርድ ነበር። አንድ ቀን የጫካ ጥበቃ ሸክሟን በጥሶ በተነባትና በቆመጥ ክንዷን መታት። እሷም ከተበተነው እንጨት አንዱን አነሳችና መንጋጋውን ሰበረችው። ሦስት ወር ታስራ ወጣች፤ ክንዷ እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጋም። ባሏ ጎበናም አንዴ እጁን ሰንዝሮባት ጣቱን እንዳጣመመችው የነገረኝ ራሱ ነው፤ እየሳቀ።

ውሻ ማርባት የጀመረችው ልብሱን ታጥብለት የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ አንዲት ግዙፍ ውሻ ትቶላት በሄደ ጊዜ ነው። የእሷ ውሾች ጥጃ ያክላሉ። ጅብ በግቢዋ በኩል አያልፍም ይባላል። ቡችላ ግን ለማንም እንዲሁ አትሰጥም። መጀመሪያ ታስምላለች፤ ከዚያ በየወሩ በሃያ አንድ ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ የሰጠችውን ቡችላ በየቤቱ እየዞረች ታያለች።

እኔ ዱሬሳ እባላለሁ። ሲ.ኤም.ሲ አንድ ቪላ ቤት ዘበኛ ነኝ። ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ አጥር ዘለው ገቡና በፌሮ ብረት ቀጠቀጡኝ። ሦስት ጥርሴ ረገፈ፤ ትከሻዬ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ፈሪ ሆንኩ። ዘበኛ ሆኖ መፍራት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ላስረዳችሁ አልችልም። በር ሲንኳኳ በቀዳዳ አጮልቄ ካላየሁ አልከፍትም ነበር። የቤቱ ጌታ ጋሼ ሚሊዮን ነገሩን ስላወቀ፣ ጥር ላይ ከእነ ሚስቱ በመኪናው ይዞኝ አስረሳሽ ዘንድ ወጣን።

ቡችላው የሁለት ወር ነው፤ መዳፉ ግን የእኔን ጡጫ ያክላል። ስሙን ቋጥኝ አልነው።

ይዘነው ልንወጣ ስንል አስረሳሽ በር ላይ አቆመችን። “ይሄ አጥንተ ትልቅ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው” አለች። “ቀጠን ያለ የገብስ ገንፎ፣ አጓት፣ የተቀቀለ ጨጓራ። በቀን ሦስቴ። ጎኑን ስትዳስሱት የጎድን አጥንቱ በጣት ካልተቆጠረ፣ ቀንሱ። ሥጋው አጥንቱን ከቀደመው እግሩ ይወላገዳል። ካልሲየም የሚባል ነገር እንዳታስጠጉበት። የሚበቃውን ከምግቡ ያገኛል፤ አጠነክራለሁ ያለ ሰው ያበላሸዋል። ማሉልኝ።”

ጋሼ ሚሊዮንና ሚስቱ አምለሰት በማርያም ማሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ ብላት፣ “ልጅ አለህ?” አለችኝ።

“አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ እትዬ።”

“በሷ ማልልኝ።”

በልጄ ማልኩ።

የመጀመሪያውን ወር እንደታዘዝነው አደረግን። የካቲት ሃያ አንድ መጥታ ጎኑን ዳሰሰች፤ “ይበል” ብላ ሄደች። ያን ጊዜ ሁዳዴ ከገባ ገና አራት ቀኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዘግቷል፤ ጨጓራ ከየት ይምጣ? ቤቱም ጿሚ ነው፤ ከወጥ ቤት የሚወጣው ሽሮ ፍትፍት ብቻ ሆነ። ቋጥኝ ሳህኑን ልሶ ልሶ ቀና ብሎ ሲያየን አንጀታችንን በላው። የእኔ ግን አንጀት ብቻ አልነበረም። ቶሎ አድጎ እንዲነክስልኝ ፈልጌ ነበር። እውነቱ ይሄ ነው።

መሪ ሰፈር፣ የዶሮ መኖ ከሚሸጥበት ቤት የተፈጨ አጥንት ገዛሁ፤ ያው ካልሲየም ነው። ማታ ማታ አንድ አንድ እፍኝ ፍትፍቱ ላይ እነሰንስለት ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምያለሁ እኮ። ሌሎቹም እንደኔው ምለው እንደኔው እየደበቁ ኖሯል። ጋሼ ሚሊዮን ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ከፋርማሲ ያመጣውን የካልሲየም ሽሮፕ በማንኪያ ያጠጣዋል። አምለሰት ደግሞ እርጉዝ ሳለች ታዞላት የተረፋትን የካልሲየም ኪኒን ቀን ላይ ፈጭታ በውሃ ትሰጠዋለች። መሐላ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ አንዳችን ለአንዳችን እናወራ ነበር።

ቋጥኝ አደገ። በሦስት ሳምንት አህያ መሰለ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፍቼ በር ላይ መቆም ጀመርኩ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ግን የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ መዞር ጀመሩ። ከመዳፉ በላይ ያለው መገጣጠሚያ አበጠ። ጠዋት ሲነሳ ያቃስታል።

መጋቢት ሃያ አንድ በሩ ተንኳኳ። አስረሳሽ ነበረች። ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ በጀሪካን አጓት ይዛ።

“የለም፣ እትዬ” አልኳት። “ለክትባት ወስደውታል።”

ቋጥኝ ከጓሮ፣ ማድቤት ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ትንሽ ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ጀሪካኑን አስቀመጠችልኝ። “እንግዲያው ሲመጣ ስጠው፤ በጾም ጨጓራ አይገኝም ብዬ ነው” አለችና ሄደች። በዚያች ቀን ብነግራት ኖሮ! ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

የስቅለት ዕለት ቤተሰቡ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ጭር ብሏል። ሰባት ሰዓት ገደማ አጥሩ ላይ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። አወቅኩት፤ ያው የታኅሣሡ ነው። ጓደኛው ተከተለው። ፌሮውንም ይዘዋል።

መጮህ አቃተኝ። የመጀመሪያው ምት ጉልበቴ ላይ አረፈ፤ ወደቅኩ። ሁለተኛው ጆሮዬን ሰነጠቀው። ሰውየው ሦስተኛውን ሲያነሳ ቋጥኝ ከጓሮ መጣ። አልሮጠም፤ መሮጥ አይችልም። በእነዚያ ቆልማማ እግሮች እየተንገዳገደ መጣና ዘለለ። ሲያርፍ የግራ የፊት እግሩ ሲሰበር ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲቀነጠስ እንደሚሰማው ነው። አልለቀቀም። የሰውየውን ታፋ ነክሶ ተንጠለጠለበት። ሰውየው እየጮኸ ጎተተው፤ ያኛው ጓደኛው ደግሞ በፌሮ የቋጥኝን የቀኝ የፊት እግር ደጋግሞ መታው። የአምስት ወር ቡችላ ነው፤ ጥርሱ እንኳን ገና አልተለወጠም። እኔ አካፋ አግኝቼ ተነሳሁና በሙሉ ኃይሌ የሁለተኛውን ፊት መታሁት። አፍንጫው ተደፈጠጠ። አንዱ ሱሪው፣ አንዱ ፊቱ በደም ተነክሮ በአጥሩ ዘለው ወጡ። ቋጥኝ በአፉ ቁራጭ ጨርቅ እንደያዘ መሬት ላይ ቀረ።

ማታውን ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ ሲፈን ትባላለች፤ ወጣት ናት። የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስታ አየች። ከዚያ፣ “ስንት ካልሲየም ነው የምትሰጡት?” አለች።

“ጠዋት አንድ ማንኪያ ብቻ” አለ ጋሼ ሚሊዮን።

አምለሰት ዞራ አየችው። “አንተም?”

ሁለቱም እኔን አዩኝ። እፍኜን ዘርግቼ አሳየኋቸው። 

“ጤነኛ አጥንት ቢሆን በብረት አያይዘው ነበር” አለች ሲፈን። “ይሄ ግን ካልሲየም በዝቶበት የተበላሸ ነው፤ ብሎን አይይዝም። ሁለቱም የፊት እግሮቹ ናቸው፤ አይቆምም። ከሥቃዩ እስከ ወዲያኛው ማሳረፍ ነው ያለብን፤ የሚያስተኛው መድኃኒት ግን አልቋል። ከበዓሉ በኋላ ማክሰኞ አምጡት።” የሕመም ማስታገሻ ወጋችው።

ማስታገሻው ሌሊቱን አላደረሰም። ሲነጋጋ ፊቴን እንኳን ሳልታጠብ እያነከስኩ እንጦጦ ወጣሁ። አስረሳሽ ውሾቿን እያበላች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ክትባቱን ጭምር። ማማሰያውን ከገንፎው አውጥታ አፌ ላይ መታችኝ። ሁለተኛ መታችኝ፤ ሦስተኛ። እጄን አላነሳሁም። ጎበና ነው ከኋላ ይዟት ያስጣለኝ።

“በልጅህ ነበር የማልከው!” አለችኝ።

ከዚያ መጥረቢያ ይዛ ተከተለችኝ። 

ቅዳም ስዑር ነው፤ በየቤቱ ቄጠማ እየታደለ ነበር። ጋሼ ሚሊዮን መጥረቢያውን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። “ማክሰኞ ድረስ ብንታገስ” አላት።

“አንተ በተሰበረ እግር እስከ ማክሰኞ ተኛለታ” ብላ ገፍታው ገባች።

ቋጥኝ ጓሮ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ጠረኗን ሲያውቅ ጭራው መሬቱን ይመታ ጀመር። ተንበርክካ ጎኑን ዳሰሰች፤ እግሮቹን ግን አልነካችም።

“ና ጭንቅላቱን ያዝ” አለችኝ።

“አልችልም፣ እትዬ።”

“ከሁላችሁም የሚያምነው አንተን ነው። እጅህን ያሽትት።”

ያዝኩት። የተሰነጠቀ ጆሮዬን ላሰው። አስረሳሽ መጥረቢያውን በጀርባው አዞረችና አንዴ መታች። አንዴ በቃው።

ከዚያ መጥረቢያውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያንን ቆልማማ እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ እያለቀሰች፣ ልታቃናው ትታገል ጀመር። እኔ ጭንቅላቱን አልለቀቅኩም። ጭራው መጥረቢያው እስኪያርፍበት ድረስ ሲወዛወዝ ነበር።