ቅጠሉ ሁሉ የታጠፈ አበባ

የእርሳስ ድምፅ ነው ያነቃኝ። ሶፋው ላይ ተጋድሜ፣ ጀምሬ የማልጨርሰውን መጽሐፍ ደረቴ ላይ ደፍቼ፣ የቃሊቲ ከባድ መኪኖች ፍሬን በያዙ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ እያዳመጥኩ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከመኪኖቹ ጩኸት መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ ለይቼ ሰማሁ፤ እርሳስ ሻካራ ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው፣ ቸር ቸር የሚል።

ልጄ ከሶፋው ማዶ ጫፍ ላይ እግሯን ሰብስባ፣ አሮጌ አንሶላችንን ተከናንባ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፊልም ታያለች፤ ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው።

"ካርቱን ነው?" አልኳት።

"ካርቱን አይደለም አባዬ፣ የጃፓኖች አኒሜ ነው። ሰው የሚያለቅስበት ነው።"

ሰው የሚያለቅስበት ነገር በዚህ አገር ከውጭ የሚገባ ዕቃ እንዳልሆነ ልነግራት አሰብኩና ደከመኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ባህል ወረራ ሁለት ገጽ እጽፍበት ነበር። አሁን ሃምሳን አልፌያለሁ፤ የሚወርረኝም ቢመጣ ሻይ አፍልቼ ነው የምቀበለው። ስለዚህ ጠጋ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ጃፓናዊ ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ሠፈሩ በሙሉ ሰዓሊ ሲለው ኖሯል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ወደ መማሪያ ክፍሉ ትመጣና ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ትስላለች። ልጁ ሥዕሏን ገና ሳያይ፣ የእርሳሷን ድምፅ ብቻ ሰምቶ እንደምትበልጠው ያውቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይወዳታል፤ ከዚያችው ደቂቃ ጀምሮ ዓይኗን ማየት ያቅተዋል። ጃፓኖች ይህን ለመናገር አሥራ ሁለት ክፍል ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሳለሁ በሐሳብ የልጅነቴ አቃቂ ገብቼ ነበር።

ያን ጊዜ አቃቂ የሚነቃውም የሚተኛውም በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፊሽካ ነበር። ከግንቡ ሥር በሚወጣው ቦይ ውስጥ የሚፈሰው ውሃ የዕለቱን ቀለም ይነግረናል፤ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ። ሠፈሩ የትኩስ ጨርቅና የረጠበ ጥቁር አፈር ሽታ ነበረው። ጳጉሜ ሲገባ ዝናቡ ይሳሳና ፀሐይ በመስኮታችን በኩል ጠረጴዛው ድረስ ትገባለች። ይህች ፀሐይ ለእኔ የሥራ መሣሪያ ነበረች።

የእንቁጣጣሽን ወግ ታውቃላችሁ። ሴቶች ልጆች በዋዜማው እየዞሩ ያዜማሉ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ በበዓሉ ጠዋት ሥዕል ይዘው በየቤቱ ያንኳኳሉ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ መልአክ ነበር። እሱን የመስኮቱ መስታወት ላይ እለጥፍና ንጹሕ ወረቀት ከላይ አድርጌ፣ ፀሐይዋ ከጀርባ በምታሳየኝ መስመር ላይ እርሳሴን አስኬዳለሁ። ክንፉን ቀይ፣ ሰይፉን ቢጫ እቀባለሁ። በሠፈራችን እንደ እኔ ንጹሕ አድርጎ የሚገለብጥ አልነበረም። እናቴ ለጎረቤት "የእኔ ልጅ እኮ እጁ ላይ ስጦታ አለው" ትላለች፤ ጎረቤትም ያምናል፤ እኔ ከሁሉም በላይ አምን ነበር።

አንድ ቀን የፋብሪካው የመጋዘን ጠባቂ ልጅ ወንፊት ልትዋስ መጣች። እኩያዬ ነች፤ ሁለታችንም ሥራ ለመግባት የደረስን ነበርን፤ አጥር ነው የሚለየን። እናቴ ወንፊቱን እስክትፈልግ ድረስ ከጀርባዬ ቆማ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን መላእክት ስታይ ቆየች።

"ይኼ ሁሉ መልአክ የአንድ እናት ልጅ ነው?"

"መልአክ እናት የለውም" አልኳት።

"ታዲያ እንዴት እንዲህ ተመሳሰሉ?"

እሷ ከኪሷ አባቷ የጨርቅ እስር የሚቆጥርበትን ሰማያዊ እርሳስ አወጣች፤ ወንበር እንኳ ሳትስብ ጎንበስ ብላ ከወረቀቶቼ በአንዱ ጀርባ ላይ መሣል ጀመረች። ቸር፣ ቸር። ያ ድምፅ አይቸኩልም፤ አይጠራጠርምም። የአደይ አበባ ነበር የምትስለው።

"አደይ ቢጫ ነው" አልኳት፣ አንድ ስህተት ለማግኘት ያህል።

"አንተ እየው እንጂ፣ ቢጫ ይሆንልሃል።"

እንዳትስቁ፤ ሆነልኝ። ከአበባው ቅጠሎች አንዱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ለምን እንዳጠፈችው ስጠይቃት "እኔ አላጠፍኩትም፣ እንደዚያ ነው የበቀለው" ብላ ወንፊቷን ይዛ ሄደች።

መላእክቱን ትቼ አበባ መሣል ጀመርኩ። ምስጢሩ የታጠፈችው ቅጠል ናት ብዬ ደመደምኩ፤ ተሰጥኦ የሌለው ሰው ሁልጊዜ ምስጢር አለ ብሎ ነው የሚያስበው። አንዷ ቅጠል ብትታጠፍ ያን ያህል ካማረች፣ ሁሉም ቢታጠፉስ? ሁሉንም አጠፍኳቸው። ወስጄ በአጥሩ ቀዳዳ አሳየኋት። አየችውና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ይኼ አበባ አይደለም፤ ንፋስ ነው!"

በልጄ ፊልም ውስጥ ልጁ እዚህ ላይ በዝናብ ይሮጣል፤ ሙዚቃውም አብሮት ይሮጣል። አቃቂ በዝናብ የሮጠ ሰው ግን ጫማውን ጭቃ ውስጥ ትቶ ነው የሚመለሰው፤ እኔ ስለዚህ ቆምኩ። ቆሜም ስትስቅ አየኋት። ያን ቀን የደረሰብኝን ነገር የሥነ ልቦና መጻሕፍት የበታችነት ስሜት ይሉታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከፍቅር ለይቼው አላውቅም። ሳቋ እንዲቆም እፈልግ ነበር፤ እንዳይቆምም እፈልግ ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ልታዜም ከመሄዷ በፊት፣ ሰማያዊውን አበባ በትልቅ ወረቀት ላይ አሳምራ ሠርታ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችኝ።

"ነገ ሰዓሊው ቤት ትሄዳለህ አይደል? ይኼን ስጥልኝ።"

ሰዓሊው የምንላቸው የፋብሪካው የጨርቅ ንድፍ ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንሶላና ሻርፕ ላይ የሚታተመው ሁሉ ከእጃቸው የሚወጣ ነበር፤ ሠፈሩ በሙሉ በእሳቸው አበባ ላይ ይተኛል።

"ራስሽ አትሰጪያቸውም?"

"ሴት ልጅ ሥዕል ይዛ ሄዳ ታውቃለች? ዳቦ ሰጥተው ይመልሱኛል። ከአንተ እጅ ግን ያዩታል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ብቻ ይዩት" አለች። "ካልሆነ የፋብሪካው ማጠፊያ ክፍል ልታስገባኝ ነው እናቴ። ዕድሜ ልክ ጨርቅ ሳጥፍ ልኖር ነው።"

በበዓሉ ጠዋት ሰዓሊው በሩን ከፍተው "ደግሞ ያው መልአክ መጣ!" አሉ እየሳቁ። መልአኬን ተቀብለው ሳያዩት መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ቀጥሎ የእሷን ሰጠኋቸው። ሳቃቸው ቆመ። ወረቀቱን ይዘው ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጃፉ ወጡ።

"ማን ሣለው?"

"የመጋዘን ጠባቂው ልጅ ናት፣ ጋሼ።"

"ሴቷ?"

"አዎ።"

አዩኝና ወደ ውስጥ ዞረው ሚስታቸውን ጠሩ። "ነይማ፣ ይህን ልጅ ስሚው! የራሱን ሥራ ለሰው ይሰጣል። ጨዋ ልጅ ድሮ ቀረ ይላሉ እንጂ!"

"የማን ልጅ ነህ?" አሉ ሚስታቸው ዳቦ እየቆረሱልኝ። "እደግ፣ ተመንደግ!"

የእኔ አይደለም አልኩ። ይበልጥ ተደሰቱ። ማልኩ። ጭራሽ ሊያቅፉኝ ደረሱ። በአገራችን አልችልም ያለ ሰው እችላለሁ እንዳለ ይቆጠራል፤ አልበላም ያለ ሰው አጉርሱኝ እንዳለ እንደሚቆጠረው ሁሉ። በካድኩ ቁጥር ጨዋነቴ እየገነነ፣ በጨዋነቴ ልክም ችሎታዬ እያደገ ሄደ። በመጨረሻ ሰዓሊው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "በዓሉ እንዳለፈ ና፤ ንድፍ ክፍል ጠረጴዛ እሰጥሃለሁ" አሉኝ።

ያን ጠረጴዛ አየሁት። ማለቴ በዓይነ ልቦናዬ፤ ሰፊ፣ መስኮት ሥር ያለ፣ ከጎኑ የቀለም ብርጭቆዎች የተደረደሩበት። አንድ ጊዜ ዝም ብል የእኔ ነው፤ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናግሬያለሁ፣ ያላመኑኝ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ደግሞ ማጠፊያ ክፍል ውስጥ ቆማ አየኋት።

"ጋሼ፣ እርሳስ ይስጡኝ" አልኩ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ አበባ ሣልኩ፤ በተቻለኝ መጠን አሳምሬ። የእኔ እርሳስ ድምፅዋ ሌላ ነበር፤ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትለምናለች። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አጠፍኩ። ሰው ችሎታውን በማስረጃ ሲያቀርብ ብዙ አይቻለሁ፤ ችሎታ ማጣቱን እንዲያምኑለት ተንበርክኮ ማስረጃ ያቀረበ ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም። ሰውየው ወረቀቱን አንስተው አዩት። የእሷን አዩ። መልሰው የእኔን አዩ።

"እውነትህን ነው ልጄ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተነቅፌያለሁ፤ አብዛኛው ይገባኝም ነበር። እንደዚያ በርኅራኄ የተነገረኝ ፍርድ ግን የለም። ሁለቱንም ወረቀቶች ይዘው ገቡ፤ እኔ ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ደግነት ነበር አልልም። የእሷን አበባ በየቀኑ እንድስል ቢጠይቁኝ ምን እንደማደርግ አስቤ ገና ሳልጀምር ደክሞኝ ነበር። ደግነትም አልነበረም አልልም።

በጥቅምት ሰማያዊ ጋዋን ለብሳ ንድፍ ክፍል ገባች። ማታ ማታ ፊሽካው ሲነፋ ከሠራተኛው ጋር ስትወጣ አያታለሁ፤ ጣቶቿ በቀለም ተነክረው፣ ከባልደረቦቿ ጋር እየተሳሳቀች። እጇን ታውለበልብልኛለች፤ ስለ ንድፍ፣ ስለ ማተሚያ ሮለር ትነግረኛለች፤ ከዚያ ትቸኩላለች። በአጥሩ ቀዳዳ ማውራት ቀረ። በዓመቱ አደይዋ ቢጫ ሆና በአንሶላ ላይ ታትማ ወጣች፤ ዳር እስከ ዳር አበባ፣ ከእያንዳንዱ አበባ አንድ ቅጠል የታጠፈ። እናቴ ገዛች። እኔ መሣል ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። በኋላም ሌሎች የሠሩትን መተቸት ሥራዬ ሆነ፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዝግጅት አስቀድሜ ጨርሼ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ በእጇ የቲማቲም ፌስታል ይዛለች። ሳቋ ያው ነው።

"አሁንም ትስላለህ?"

"ተውኩት። አንቺስ?"

"እኔም።"

ንድፉ አሁን ተዘጋጅቶ ከውጭ ነው የሚመጣው አለችኝ፤ ንድፍ ክፍሉ ተዘግቶ እሷ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድባለች። ምሬት አልነበረባትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነበር የነገረችኝ። ፊልሞቹ ተሰጥኦ የሌለው ሰው ባለው ሰው ፊት ሲሰቃይ ያሳዩናል። ሁለቱም ደክሟቸው አንድ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ የሚያሳይ ክፍል ግን እስካሁን አላየሁም።

ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ "አቃቂ፣ አቃቂ!" እያለ መጮህ ጀመረ። እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞረች።

"ያንን አበባህን እኮ ሰዓሊው ሰጥተውኝ ነበር። እስከ ዛሬ አለ።"

"ቅጠሉ ሁሉ የታጠፈውን?"

"አዎ፣ ንፋሱን።" ሳቀች። "የእኔ አበባማ የሰው ሁሉ አልጋ ላይ ነው። እሱ ግን ለእኔ ተብሎ የተሣለ ነው።"

"እማማ፣ ግቢ ወይ ውረጂ!" አለ ረዳቱ። ገባች።

ልጄ ፊልሙን አቁማ ወደ እኔ ዞረች። "አባዬ፣ ይኼ ልጅ መሣሉን የሚተው ይመስልሃል?"

"ይተዋል።"

"ኧረ አይተውም! አንተ ደግሞ!" አለች ተናዳ፤ አንሶላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

ከእናቴ የወረስነው አንሶላ ነው። ከመታጠብ ብዛት ቢጫው ለቆ መስመሩ ብቻ ቀርቷል፤ ከተጠጉት ግን የታጠፈችው ቅጠል ትታያለች። ልጄ ልብ ብላት አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። እግሯ ተገልጦ ነበርና ጠርዙን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩላት።

"በይ ቀጥይው" አልኳት። "ድምፁንም ትንሽ ከፍ አድርጊው።"