የሸሸው ባሕር ሲመለስ

ይህ የደረሰብኝ በ2003 ዓ.ም. ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም አልረሳሁትም።

ያኔ ሄሮን በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ የፈረንሳዮች ቤት እየኖርኩ እሠራ ነበር። አርብ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ባልባላ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሰዓዳ ትመጣና ባሕር ዳር እንንሸራሸራለን። ሁለታችንም ዋና የሚባል ነገር አናውቅም።

የጅቡቲ ባሕር ሰዓት ጠብቆ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እርጥብ አሸዋ ብቻ ይቀራል። የዚያን ዕለትም ሸሽቶ ነበር። ጫማችንን አውልቀን፣ ወሬ ይዘን፣ በአሸዋው ላይ ወደ ውስጥ ሄድን። ዞር ስንል ከኋላችን የነበረው አሸዋ የለም። ውሃ ሆኗል።

ሰዓዳ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጣ ወጣች። እኔ ልከተላት ስል መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ። ጨዋማ ውሃ በአፌና በአፍንጫዬ ገባ። ብቅ ስል የሰዓዳን ጩኸት እሰማለሁ፤ ስሰምጥ ምንም የለም። በልቤ "በቃ፣ እናቴ ሬሳዬን እንኳ አታገኝም" አልኩ።

ድንገት የሆነ ሰው ከኋላዬ ያዘኝ። ዞሬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ወዲያው በጥፊ ተመታሁ።

"ልቀቂኝ! ሁለታችንም እንሞታለን! በጀርባሽ ተኚ፣ ሰማይ እዪ!" አለኝ የሴት ድምፅ።

ብብቴን ይዛ እስከ ዳር ጎተተችኝ። የጠጣሁትን ውሃ አስመልሼ ቀና ስል ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጎረቤታችን ኤዶ ፋጡማ ናቸው! ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ የሚደገፉ፣ ወፍራም፣ ትልቅ ሴትዮ! ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል፤ ትንፋሻቸው ግን ከሰዓዳም የተረጋጋ ነበር።

"ኤዶ፣ ዋና የት ተማሩ?" አለች ሰዓዳ እያለቀሰች።

"እዚሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪሙ ባሕር ግቢ አለኝ። በሃምሳ ዓመቴ ጀመርኩ። አሁን ሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግጄ ካልዋኘሁ ቀኑ አይነጋልኝም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ፣ በሚቀጥለው አርብ ነይ። አስተምርሻለሁ።"

ያበዱ መሰለኝ። ከሞት አፍ ወጥቼ ተመልሼ ልግባ?

ግን በዚያ ሳምንት ፊቴን ስታጠብ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ባሕር ዳር እየኖርኩ የባልዲ ውሃ ልፈራ? በራሴ ተናደድኩና አርብ ሄድኩ።

ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አለቀስኩ። ኤዶ እጄን ይዘው አብረውኝ ቆሙ። በሚቀጥለው አርብም እንዲሁ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን በጀርባዬ ተኝቼ ሳለ፣ ከሥሬ የደገፈኝን እጅ ፈለግሁ፤ የለም። ኤዶ ራቅ ብለው ቆመው ይስቃሉ። ደንግጬ ጮህኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነይ የሚለኝ ሰው አላስፈለገኝም።

ሊገድለኝ የነበረውን ባሕር ዛሬ ሳምንቱን ሙሉ የምናፍቀው እኔ መሆኔ ለራሴም ይደንቀኛል። ፍርሃቴ ጨርሶ ለቆኛል ብል ውሸት ነው። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ልቤ አሁንም ይደልቃል። ግን እገባለሁ።