ጊታር ያዘልኩበት አንቀልባ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሰለሞን ከቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር ተውሶ መጣ። ለበዓል የሚያቀርቡትን ዘፈን እየተለማመዱ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጫለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከቀሩኝ ሥራዎች ዋናው ይሄ ነው። ልጁ ጊታሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገና መምታት ሲጀምር ማንገቻው ከታች በኩል ወለቀና ጊታሩ ሸርተት አለ። በጉልበቱ ደግፎ አተረፈው። መልሶ ቢያስረው መልሶ ወለቀ። በመጨረሻ ተናዶ በሲባጎ ጠፍሮ አሰረው፤ ሲባጎው ደግሞ አንገቱን ይከረክረው ጀመር።

“አባባ፣ ይሄ ነገር ትከሻ ይገድላል” አለኝ።

ትከሻ የሚገድለውን እኔ አውቃለሁ። የቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ያለ ነው። ልብስ ሰፊው ኮት በለካኝ ቁጥር ያጉረመርማል። ልጆቼ ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ “እርጅና ነው” ብዬ አልፋቸዋለሁ፤ ማስታወሱ ራሱ ያደክመኛል። ያን ቀን ግን ማንገቻው ሲወልቅ ሳይ ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ እኔ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ቡታጅራ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚያ ጎጆ የቀለሰ ሰው ነበር፤ ወደ ጦርነቱ እንደሄደ አልተመለሰም። ለእኔ የተወልኝ እናቴንና ክራሩን ነው። ክራሩንም እህል በጠፋ ጊዜ በገብስ ለወጥነው። ስለዚህ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ የሚያልፍ መንገድ ይሠራል፣ ለሠራ ሰው ዱቄት ይሰፈራል የሚል ወሬ ስንሰማ፣ ለስንቅ ቆጮ ቋጥሬ በእግሬ ተነሣሁ። እንሰቱን እንሰቱን ይዤ፣ በአረቅጥ ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ደጋውን አቋርጬ ወልቂጤ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ።

ሥራው ዋቤ ወንዝ አጠገብ ነበር። ድንጋይ ከወንዙ ዳር ይፈለጣል፣ በትከሻና በባሬላ ወደ መንገዱ ይወጣል፣ እዚያ በመዶሻ ይደቅቃል። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ገብቶ ምግባችንን እንኳ ስናኝክ ይንቀጫቀጫል። ሲመሽ ወባዋ ትመጣለች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ድካሙን እንደ ልብስ ለብሶት ነበር፤ ጠዋት ሲነሣም የትናንቱ እላዩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ድንጋይ ሲያሸክሙኝ እጃቸው አመለጠና ቀኝ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ወጌሻው አሽቶኝ “አጥንቱ ደህና ነው፣ ግን አትሸከምበት” አለኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ያልተሸከመ ሰው ዱቄት አለማግኘቱ ነው። ከዱቄቱ እኩሌታውን በሚመላለስ ሰው ለእናቴ ስለምልክ የማስበው ስለ ትከሻዬ አልነበረም።

ያወጣኝ የካቦው ጊታር ነው። ካቦው፣ የሥራው አለቃ፣ ጣሊያን ነው፤ አጭር፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው። ፀሐይ ስትጠልቅ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ጊታር ይመታ ነበር። የካሚዮን በር ጣቶቹን ጨፍልቆበት ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ዝም ብሏል። እጄን በጨርቅ አንጠልጥዬ ስዞር ጊታሩን ትኩር ብዬ ሳየው አየኝና፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ አቀበለኝ። አምስቱን ክር በክራር ቅኝት ቃኘሁት። ስድስተኛውን ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ ተውኩት። አባቴ ይመታው የነበረውን የአጨዳ ዜማ ስጀምር ድንጋይ የሚያደቁት ሰዎች ሳቁ፤ ጥቂት ቆይቶ መዶሻዎቹ ሁሉ አንድ ላይ መውረድ ጀመሩ። ካቦው ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። በአስተርጓሚው በኩል፣ ከነገ ጀምሮ ከሠራተኛው ጎን እየሄድኩ እንድመታ፣ ዱቄቴም እንዳይቀር አዘዘ። መቀመጥ ግን የለም፤ በሥራ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ማየት አይወድም።

ጊታር ቀላል ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የያዘው ሰው ይጠየቅ። ክራር ሲይዙት የግራ እጅ አንጓ ጠፍር ውስጥ ይገባል፣ ጠፍሩ ይደግፋል። እኔም በለመድኩት ጊታሩ ላይ የቃጫ ገመድ አስሬ እጄን አስገባሁበት። ክብደቱ ሁሉ አንጓዬ ላይ አርፎ ጣቶቼ ደነዘዙ። ገመዱን አንገቴ ላይ ባደርገው ቆዳዬን ላጠው። ቃጫው ደግሞ በጠዋቱ እርጥበት ጠብቆ ያረፍድና ቀትር ላይ ደርቆ ይላላል፤ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ቋጠሮው ተፈታና ጊታሩ ጠጠሩ ላይ ወደቀ። አልተሰበረም። ካቦው አነሣው፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ሰጠኝና በዚያ በተጨፈለቀ ጣቱ ወደ ድንጋዩ ጠቆመኝ። ዳግመኛ ከወደቀ ወዴት እንደምሄድ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ዘይነባ ከወንዙ አሸዋ በቅርጫት ከሚያወጡት ሴቶች አንዷ ነበረች። የመስቃን ሰው ናት፣ ከቡታጅራ ዙሪያ፤ ባሏ ከወንዙ ማዶ እንጨት ይቆርጣል። የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጇን፣ በዚያ ክረምት ወባ ወስዶባት ነበር። ጊታሩን ደረቴ ላይ በሁለት እጄ አንቄ ቆሜ ስታየኝ ቅርጫቷን አስቀመጠች።

“አንተ የቡታጅራ ልጅ፣ ምን አደረገህ እንዲህ አንቀህ የያዝከው?”

“ይወድቅብኛል።”

“ልጅ በአንገት ይታዘላል? ጀርባ እያለ?”

ሄደች፤ ስትመለስ አንቀልባ ይዛለች። ቆዳው ከመታሸት ብዛት ለስልሷል፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል አለው። እጄን ሰበሰብኩ፤ የማን እንደነበረ አውቃለሁና።

“ውሰደው” አለችኝ። “በኛ ቤት ባዶ አንቀልባ አይሰቀልም። የሆነ ነገር ይታዘልበታል። እኔ ደግሞ የማዝለው የለኝም። አንተ እዘልበት። ይሄም ድምፅ አለው።”

ጊታሩ ከታች በኩል ትንሽ የእንጨት ጉጥ ነበረችው። ዘይነባ የአንቀልባውን ማሰሪያ ጫፍ በቢላዋ ሰነጠቀችው፤ ስንጥቁን ከጉጧ አሳነሰችው። ቆዳውን ውኃ ነክራ በግድ አስገባችውና ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ጠበቅን። ሲደርቅ ነክሶ ያዘ። ሌላውን ጫፍ በጊታሩ አንገት ጫፍ፣ ከክሮቹ ሥር አሳልፋ፣ ሴቶች ሸክም በሚያስሩበት፣ ክብደት ሲያገኝ በሚጠብቀው ቋጠሮ ቋጠረችው። ከዚያ በግራ ትከሻዬ አሳልፋ ሰፊውን ቆዳ ጀርባዬ ላይ አስተኛችው። ጊታሩ ሆዴ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱን እጆቼን ለቀቅኋቸው፤ አልወደቀም። ለቅሶ መጣብኝ፤ ከድካም ይመስለኛል።

“ተመቸህ?”

“ተመቸኝ።”

“እንግዲያ ቀስ አድርገህ ምታው። አንተ በፈጠንክ ቁጥር የምንሮጠው እኛ ነን።”

ያን ያህል ቀን ስመታ ይህ አልታየኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ካቦው ሲመጣ ሞቅ አደርጋለሁ፤ እሱም “ፕሬስቶ፣ ፕሬስቶ”፣ ቶሎ ቶሎ፣ እያለ ያልፋል። ጀርባውን ሲሰጠን ዜማውን አለዝበዋለሁ። መዶሻዎቹ ዝግ ይላሉ፣ ሰዉ ይተነፍሳል። ዘይነባ ቅርጫቷን ተሸክማ ስታልፍ በዓይኗ አንቀልባውን ታየዋለች፤ እኔን ሳይሆን አንቀልባውን።

በዓመቱ አረፋ ሲቃረብ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሆዷ ገፍቷል።

“ለአረፋ አገሬ ልገባ ነው” አለች። “እዚያው እወልዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

ገባኝ። “ሌላ አንቀልባ ይሠራልሽ የለም?” አልኳት። ድምፄ እንደ ለማኝ ነበር።

“ይሠራል። በኛ ቤት ግን ወንድም እኅቱ ሁሉ በአንድ ነው የሚታዘለው። እናቴ ናት የሠራችው።” ድንጋዩ ወደሚፈለጥበት አየች። “ድንጋዩን አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ። ስጠኝ አልልህም።”

ቋጠሮው ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ኖሮ አልፈታ አለኝ። በጥርሴ ስታገል እሷ ጎንበስ ብላ ፈታችው። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችና “እሰፋዋለሁ” አለች። በሄደች ጊዜ መንገዱን ዓይኔ እስኪደክም አየሁት።

ከዚያ ቆዳ ስላላገኘሁ ያልሞከርኩት የለም፤ ቃጫ፣ ጆንያ፣ የካሚዮን ጎማ ቁራጭ። አንዱም አልያዘም። ጊታሩ ወደቀ፣ አንገቱ ተሰበረ። ካቦው አልጮኸም። ስብርባሪውን ታቅፎ ቆመና በጣቱ ጠቆመኝ። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ድንጋይ ተሸከምኩ።

ዓመታት አልፈው ቡታጅራ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ። ዘይነባ ናት። አጠገቧ ልጅነቷን ያልጨረሰች ልጃገረድ ትንሽ ወንድሟን አዝላለች። ዛጎሉን ሳይ አወቅሁት፤ ስንጥቁ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ዘይነባ ስለ ጊታሩ አልጠየቀችኝም። ዓይኗ ትከሻዬ ላይ ቆየ። ከዚያ ሕፃኑን ከነአንቀልባው አወረደችና በግራ ትከሻዬ አሳልፋ ጀርባዬ ላይ አሰረችው። ወንድ ልጅ ሕፃን አዝሎ ገበያ መሐል ሲቆም ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

“ከጊታሩ ይከብዳል” አልኳት።

“ከድንጋዩስ?”

ሕፃኑ ማጅራቴ ላይ እየተነፈሰ ተኝቶ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜም ይህን አስታውሼ ሰለሞንን ጠራሁትና ሲባጎውን ፍታው አልኩት። ከሳጥኔ አሮጌ ሰፊ ቀበቶ አውጥቼ ጫፉን ሰነጠቅሁ፣ ውኃ ነከርኩ፣ ጉጡ ላይ በግድ አስገባሁና ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። የላይኛውን ጫፍ በዘይነባ ቋጠሮ ቋጠርኩ፤ እጄ አልረሳውም ነበር። በትከሻው አሳልፌ ቆዳውን ጀርባው ላይ አስተኛሁለት።

“ተመቸህ?”

“ኧረ ምንም አይከብድም፣ አባባ።” ወዲያው በወጣት ጉልበቱ ያጣድፈው ጀመር።

በደህናው ጎኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ደክሞኝ ነበር።

“ቀስ አድርገህ ምታው” አልኩት።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ዝግ አደረገልኝ።