ከቦዩ መታጠፊያ ወዲያ

ቦዩን ግማሹን አየሁ፤ ለሙሉው ፈረምኩ። ከአንድ ሽማግሌ በቀር ይህን ለማንም በአፌ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ስጽፈውም እጄ እሺ አይለኝም።

በመካነ ሰላም የወረዳው አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ወደ ከላላ በኩል፣ ከከተማው ሁለት ሰዓት ግድም በመኪና ርቆ፣ አንድ ድርጅት ለጥቂት ዓመታት የድንጋይ ከሰል ሲያወጣ ቆይቶ ሥራውን ዘጋ። ጠቅልሎ ከመሄዱ በፊት ጉድጓዱን መድፈን፣ የተቆለለውን አፈር ደልድሎ ችግኝ መትከል፣ ከውስጥ የሚመነጨውን ውሃ ደግሞ በቦይ ወደ ማጥለያ ኩሬ መውሰድ ነበረበት። ከሰል የነካው ውሃ ዝገት ይመስላል፤ ቢቀምሱት ሚስማር የላሱ ያህል ነው። ከጉድጓዱ በታች የአንድ ጎጥ ሕዝብ የሚጠጣው ምንጭ አለ። የእኔ ዋና ሥራ ቦዩ ያን ውሃ ከምንጩ ማራቁን አይቶ መፈረም ነበር።

የድርጅቱ የሳይት ኃላፊ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ ስለነበር ምሳ ሰዓት ወደ ቤታችን ይዤው እሄድ ነበር። እናቴ በጾማችን ወቅት እንኳ «የእኛ ጾም ላንተ ምንህ ነው» እያለች ወተት ታስቀምጥለት ነበር። እስካሁን እታለም እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የዚህን ሰው ሥራ ለማየት ስሄድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ እያለኝ ነው የሄድኩት።

ሚያዝያ ነበር፤ ምድሩ ደርቋል። ቅጼንና ሜትሬን ይዤ ከመኪና ስወርድ የጎጡ ሽማግሎች ወይራው ሥር ተሰብስበው ጠበቁኝ። ስብሰባ አልጠራሁም።

«ሥራው በኸይር ስላለቀ ሊመርቁን ነው» አለኝ ጓደኛዬ።

ሽማግሎቹን የሚመሩት ሼህ ከተቀመጡበት ብድግ ሊሉልኝ ሲሉ ሮጬ ያዝኳቸው። «ሰላም ነሽ ልጄ? ቤተሰብ አማን ነው?» አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ ብሎ ይህን የሚነፍግ እኛ አገር የለም። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ውሃችንን ጠብቅልን። የደከሙትን ልጆች እጃቸውን አትንሳን። በዚህ ቦይ የመጣ ክፉ በዚሁ ይለፍ።» ሁሉም አሚን አሉ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

ከዱዓው በኋላ ቦዩን ይዤ ወረድኩ። በድንጋይ የተገነባ፣ ወለሉ የተስተካከለ፣ ጥልቀቱ ልክ። የሚያምር ሥራ ነበር። ኮረብታው ጥግ ሲደርስ ቦዩ ይታጠፍና ከዐይን ይሰወራል። ልወርድ ስል ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ።

«እታለም፣ ሼሁ ዱዓ ካደረጉበት በኋላ ሜትር ልትዘረጊበት ነው? እያዩሽ እኮ ነው።»

ዞር አልኩ፤ እውነትም እያዩኝ ነበር። የአገሬ ሰው ይህን ያውቃል፤ አሚን የተባለበትን ነገር መልሶ መፈተሽ ሽማግሌውን «ዱዓዎ አልደረሰም» እንደማለት ነው። ቢሮ ውስጥ «ሜትሯ» ነው የሚሉኝ፤ ተቋራጭ የሠራውን እርከን ሁለቴ አስፈርሼ አውቃለሁ፤ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። በተዘረጋ የሽማግሌ መዳፍ ፊት ግን አቅም የለኝም። ሜትሬን ጠቀለልኩ። ቅጹ ላይ «ቦዩ እስከ ማጥለያ ኩሬው ድረስ» ከሚለው አንጻር «ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንዳየው የማትናገር ምቹ ቃል ናት።

ሐምሌ ላይ ከቀበሌው ተደወለ፤ ምንጩ ቀልቷል። መኪናውን ጭቃ ይዞት ቀሪውን መንገድ በበቅሎ ሄድኩ። በቀጥታ ወደ መታጠፊያው ወረድኩ። ከመታጠፊያው አሥር እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ቦዩ ያልቃል። ድንጋይ የለ፣ ኩሬ የለ፤ ሣር ብቻ። ያ የሚያምር ግንብ የጉድጓዱን ውሃ አንድም ጠብታ ሳያባክን ሰብስቦ ምንጩ አናት ላይ ይደፋዋል። ጭራሽ ባይቆፈር ይሻል ነበር።

እዚያው ዝናብ ውስጥ ቆሜ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ወደ ሌላ ሳይት ተዛውሯል።

«አለቆቼ ቦዩን ሳልጨርስ ኤክስካቫተሩን ወሰዱብኝ» አለ። «የመዝጊያውን ደብዳቤ ደግሞ ፈለጉ። ምን ላድርግ?»

«ሽማግሎቹን የጠራኸው አንተ ነህ?»

«ሌላ ሰው ቢመጣ አልጠራቸውም ነበር» አለ።

ምነው ዋሽቶኝ ቢሆን። ለሌላ ለማንም የማይሠራ ወጥመድ ነው፤ በልኬ የተሠራ። እናቴ ቤት ገበታ ላይ ተቀምጦ ባወቀው ጠባዬ ነው ያጠመደኝ። ተሳደብኩ፤ ስልኩን ዘጋሁ፤ አለቀስኩም።

ምንጩ ጋ ስወርድ ሼሁ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። የጎጡ ሴቶች ከማዶ ወንዝ ለመቅዳት ቁልቁለቱን ጀምረዋል። የሼሁን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ።

«አባባ፣ አፉ ይበሉኝ። እስከ ታች አልወረድኩም ነበር። እርስዎ ዱዓ ካደረጉበት በኋላ መፈተሽ ነውር መስሎኝ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ያ ልጅ እኮ አንቺ ቀድመሽ መጥተሽ ሁሉን አይተሽ እንደጨረስሽ ነው የነገረን» አሉ። «አሚን ያልነው ባንቺ ዐይን ነው ልጄ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«በኔ በኩል አፉ ብያለሁ፣ አብሽሪ» አሉ ጀሪካኑን እያነሱ። «የውሃውን ግን እነሱን ጠይቂያቸው።» በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ አመለከቱኝ።

የቅጹ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ታይቷል» የሚለውን ሰርዤ «አላየሁም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ ሴቶቹን ተከትዬ ወረድኩ።