የአራተኛው ቃል ምሳሌ

ባለፈው ሳምንት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ፈተና ሳወጣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ። ጥያቄው ቀላል ነው። አራት ቃላት ተደርድረዋል፣ ለዓረፍተ ነገሩ የሚስማማውን ምረጡ ይላል፦ ዌል ኖውን፣ ፌመስ፣ ሪናውንድ፣ ኖቶሪየስ። ክፍል ውስጥ ልዩነታቸውን ሳስረዳ ልጆቹ አድክመውኛል። “ቲቸር፣ ሁሉም ታዋቂ ማለት አይደል እንዴ?” ይሉኛል። ስልክ ላይ ይውጡ እንጂ በምን እንደሚወጡ ግድ የሌላቸው ልጆች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ልዩነቱን የተማርኩት በእነሱ ዕድሜ፣ ኮምቦልቻ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ትምህርት ግን አልረሳሁትም። ምነው በረሳሁት!

ያኔ ቤታችን የፋብሪካ ሠራተኞች ተከራይተው የሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት ቤት አያስቀምጥም፤ ከደሴ ቁልቁለቱን የሚወርዱት የጭነት መኪኖች የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ይዘውብን ይመጣሉ። ግድግዳ የምንጋራው ከዘይነባ ቤተሰብ ጋር ነበር። ዘይነባና እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተራችንን ወርውረን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፤ አንዳችን ስትጠራ ሌላዋ ነበር አቤት የምትለው። አባቷ ጋሽ ሰይድ የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። አመሻሽ ላይ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ አዲስ የተፈጨ ስንዴና ጆንያ እየሸተቱ ይመጣሉ። ኪሳቸው የስንዴ ቆሎ አያጣም። መጀመሪያ ለኔ ይዘግኑልኛል፣ ቀጥሎ ለልጃቸው። “ጎረቤት ይቀድማል” ይሏታል፣ ዘይነባም ታኮርፋለች።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ሐርቡ ኬላ አንድ የጭነት መኪና ተያዘ። የጫነው የፋብሪካውን ዱቄት ነው፤ መውጫ ወረቀት ግን የለውም። የመጋዘኑ ቁልፍ በጋሽ ሰይድ እጅ ስለነበር ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። ሰረቁ ያለ የለም፣ እስኪጣራ ነው የተባለው። የእኛ ሰፈር ግን እስኪጣራ የሚባል ነገር አያውቅም። እናቴ ደጃፍ ላይ ሽንኩርት እየላጠች ለጎረቤት “እንዲያ ጭምት መስለው!” ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዘይነባ ትምህርት ቤት መምጣቷን አልተወችም፤ ጨዋታውን ነው የተወችው። ጋሽ ሰይድ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ልብሳቸው ንጹሕ ሆኖ ሳያቸው ሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ጌታቸው ከደሴ እየተመላለሱ ነበር የሚያስተምሩን። አዲስ ቃል ሲያስተምሩ የመጽሐፉን ምሳሌ አይወዱም፤ ቃል የሚያዘው የምታውቁት ሰው ላይ ስታስቀምጡት ነው ይሉ ነበር። የዚያን ቀን አራቱን ቃላት ሰሌዳው ላይ ጽፈው ከጎናቸው ሰው ያስቀምጡ ጀመር። ሙዝ የምትሸጠዋ እትዬ ፋጡማ ዌል ኖውን ናት፤ ገበያው ሁሉ ያውቃታል፣ በቃ። ሬዲዮ ላይ የሚዘፍነው ሰው ፌመስ ነው፤ እኛ እናውቀዋለን፣ እሱ አያውቀንም። የኩታበሩ ወጌሻ ሪናውንድ ነው፤ የተሰበረ የሚወስዱለት ሙያውን የመሰከሩለት ናቸው። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ጠመኔውን አስቀመጡ። “ይሄም የታወቀ ነው፣ ግን በክፉ። ስሙ ሲነሳ ሰው ኪሱን የሚዳብስለት” አሉ። የእሱን ምሳሌ ለእኛ ተዉልንና ጥሩ አድርጎ ለመለሰ የሚሸለም ቀይ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ።

አንዱ ልጅ ጅብ አለ፤ ሰው ነው ያልኩት አሉት። አንዷ ከታሪክ መጽሐፍ የአንድ ክፉ ንጉሥ ስም ጠራች፤ እኔ የፈለግሁት ከኮምቦልቻ ነው አሏት። ቀይ እስክሪብቶ የሚይዘው መምህር ብቻ በነበረበት ጊዜ ያን እስክሪብቶ እንዴት እንደተመኘሁት መናገር አልችልም። ዘይነባ ከጎኔ ነበረች። አንድ ዴስክ፣ አንድ መጽሐፍ ነበር የምንጋራው፤ ክርኗ ክርኔን ይነካኛል። ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ እጄን አወጣሁና ተነሳሁ። በእንግሊዝኛ፣ አንድም ስህተት ሳልሠራ፣ “የዱቄት ፋብሪካው ሰይድ በኮምቦልቻ ኖቶሪየስ ነው” አልኩ።

ቲቸር ጌታቸው የከተማውን ሰው ብዙም አያውቁም፤ ሰይድ የማን አባት እንደሆነ ከየት አውቀው። “ጎበዝ!” ብለው አስጨበጨቡልኝ። ክፍሉ ግን ያውቅ ነበር። ጭብጨባው መሐል ላይ ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ እስክሪብቶዬን ይዤ ስቀመጥ የዘይነባ ክርን ከቦታው አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፣ ክፋት አልነበረብኝም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ አውቃለሁ። አያጽናናኝም። የማን አባት እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቅጽል ስም በማውጣት ኮምቦልቻን የሚያህላት የለም። ቃሉ የዚያኑ ቀን ከልጆቹ ጋር ሰፈር ገባ፤ ሳምንት ሳይሞላው ጫት የሚቃምበት ቤት ደረሰ። ትልልቆቹ ሰዎች ረዘመባቸው መሰለኝ ጫፉን ቆርጠው ኖቶሪ አሉት። ትርጉሙን የሚያውቅ ስንት ይሆናል? አንዳንዱማ የሹመት ስም መስሎት ነበር። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት “ጋሽ ሰይድ ኖቶሪ፣ ሻይ ልቅዳልዎ?” የምትላቸው ከልቧ አክብራቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዘይነባን ጠብቄ እስክሪብቶውን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

“እውነት መስሎሽ ነው ያልሽው፣ ወይስ ለእስክሪብቶው?” አለችኝ።

እስክሪብቶውን ይበልጥ አስጠጋሁላት።

“ወላሂ፣ እውነት መስሎሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር” ብላኝ ሄደች። በማግስቱ ዴስክ ቀየረች።

መጋቢት ላይ እውነቱ ወጣ። ቁልፉን በድብቅ አስቀርጾ ዱቄቱን ያወጣው የመኪናው ሾፌር ነበር፤ ራሱ አመነ። ጋሽ ሰይድ ከደሙ ንጹሕ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ፋብሪካው በር ላይ ተለጠፈ፤ ክረምት ገብቶ ዝናቡ እስኪያጥበው ድረስ እዚያው ነበር። ሥራቸው ተመለሰ። ስማቸው አልተመለሰም። ስርቆቱን ሁሉም ረሳው፣ ኖቶሪ ግን ቀረ፤ አዲስ የገባ ሠራተኛ እንኳ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ በዚያው ይጠራቸዋል። እሳቸው ከዚያም ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ድሮው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ይሰዱ ነበር። ቆሎውን ሳይዘግኑልኝ የምሸሸው እኔ ነበርኩ።

ዘይነባ ዘጠነኛ ክፍልን አልጨረሰችም። መምህር ስሟን በጠራ ቁጥር ከኋላ ያን ቃል የሚያስከትል አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን ከሰፈሩ ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕር ልትሻገር ወጣች። “ዓረብ አገር ማንም አያውቀኝም” ብላ ነበር አሉ። አንድ ጊዜ ደውላ ባሕሩ ዳር ደርሰናል አለች። ከዚያ ወዲያ ድምጿን የሰማ የለም። በዚያው ዓመት እኛ ወደ ደሴ ተዛወርን፤ ስንለቅ እናቷ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ተደብቄ አለፍኩ እንጂ አልተሰናበትኳቸውም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ያን ፈተና ላስባዛ ሆጤ ሰፈር ወዳለው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የደሴ ጉም በር ላይ ቆሟል። የቤቱ ባለቤት ሐያት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሳለች። ሽማግሌው ከኮምቦልቻ ነው የመጡት። ልጃቸው ጠፍታባቸው ዘመን ሆኗል፤ አሁን ከየመን የተመለሰ አንድ ሰው የምትመስላትን ሴት አየሁ ብሏቸው ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ሊያወጡ ነው። “ሰው ይወቃት” ይላሉ ደጋግመው፣ “ሰው ካወቃት ትገኛለች።” ስክሪኑን አየሁ። ሁለት ሴት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው፣ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ተቃቅፈው ቆመዋል። አንዷ ዘይነባ ነበረች። ሌላዋ እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ ጋሽ ሰይድን አየኋቸው። ቅንድባቸው ያኔም ነጭ ነበር፤ አሁን ግን ዱቄት አይደለም።

“ይቺኛዋ ማን ናት አባባ?” አለች ሐያት።

“ጓደኛዋ ነበረች። ስሟ ጠፋብኝ” አሉ።

ሐያት ከፎቶው ላይ ቆርጣ አወጣችኝ። ወዲያው ወደ እኔ ዞራ “እሷ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፣ እሷ ትጻፍልዎ” አለችና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። “የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። “እዚሁ ደሴ ነው ቤታችን” አልኩ። እሳቸው እየነገሩኝ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የጠፋችበትን ጊዜ ጻፍኩ። የሰይድ ልጅ ብዬ ስጨርስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

“ሰይድ ብቻ ብትይ ማን ያውቀኛል? ኮምቦልቻ ሰይድ ስንቱ ነው! ሰይድ ኖቶሪ በይ። አገሩ በሱ ነው የሚያውቀኝ፤ እሷም ብታየው አባቴ ነው ትላለች።”

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። እሳቸው ቃሉን ያላወቅሁት መሰላቸው።

“እንግሊዝኛ ነው አሉ። ያኔ ልጄን ትርጉሙን ብጠይቃት፣ ‘አብሽር አባ፣ ዝነኛ ማለት ነው’ አለችኝ። ስድብ እንዳይሆን እያልኩ ስጠረጥር ኖሬያለሁ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እውነቷን ነው?”

አሥራ አራተኛው ጥያቄ እጄ ላይ ነበር። ለተማሪዎቼ ስንት ቀን ሙሉ አንድ አይደሉም፣ አታቀላቅሉ ስል ሰንብቻለሁ።

“እውነቷን ነው አባባ” አልኳቸው። “ዝነኛ ማለት ነው።”

“አልሃምዱሊላህ” አሉ፤ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

ሰይድ ኖቶሪ ብዬ ጻፍኩ። ያኔ በአፌ፣ አሁን በእጄ። ያኔ ቀይ እስክሪብቶ ተሸለምኩበት፤ አሁን ጋሽ ሰይድ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። “አላህ ስምሽን በደግ ያስጠራው፣ የኔ ልጅ” አሉኝ። አሚን አልኩ። ስሜን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።