ጭነቱን ይዞ የተመለሰ አውሮፕላን

ዋረንን ያገኘሁት ጎሚስታ ቤት ነው። የእኔን ጎማ ሚስማር ወግቶት ነበር፤ እሱ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ ተቆጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የጫማው አፍንጫ ቀይ ነው። በእኛ በደቡብ አይዳሆ እንዲህ ያለ ጫማ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ አውሮፕላን የሚያፈሰው የእሳት ማጥፊያ ቀለም ነው።

ዋረን በወጣትነቱ ከአየር ላይ የድንች ማሳ መድኃኒት ይረጭ ነበር። ኋላ በዚያችው ዓይነት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ሰደድ እሳት ማጥፋት ያዘ። ሰማይ ላይ ብቻውን ነው፤ ለዚህ ይሆናል መሬት ሲረግጥ ወሬው የማያልቀው።

"ያ ሰውዬ ዛሬም ስሜን ሲያነሳ ነው የዋለው አሉ" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

"ማን?"

"ፒት ነዋ፣ የአክስቴ ልጅ! 'ዋረን ፈርቶ ተመለሰ' እያለ ነው።"

ባለፈው ሳምንት የፒት ግጦሽ ተቃጥሏል። ላሞቹ የበረዶውን ወራት የሚገፉበት ሣር ያ ብቻ ነበር። ያን ቀን ዋረን ታንኩን በዚያ ቀይ ቀለም ሞልቶ ተነሳ። እሳቱ ገና ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ ቀድሞ ከፊቱ ቢያፈስበት ይቆም ነበር። ሊያፈስ ሲል ከላይ ሆኖ የሚያስተባብረው ሰው በሬዲዮ ጮኸ፤ "ድሮን ታይቷል! ሁላችሁም ውጡ!" ድሮን ባለበት ሰማይ አውሮፕላን አይገባም፤ ከተጋጩ አብራሪው አለቀለት። ዋረን ጭነቱን እንደያዘ ተመልሶ አረፈና ለፒት ደወለ።

"የት ሄድክ አንተ?" አለ ፒት ቀድሞ። "ስትመጣ አይቼህ ነበር፣ ምን ነክቶህ ዞርክ?"

"አንዱ ጅል ድሮን አስነስቷል። ላሞቹስ?"

"ደህና ናቸው። ኩሬው ዳር ቆመዋል፣ እያየኋቸው ነው።"

"በዚህ ጭስ? በምን?"

ፒት ስልኩን ዘጋው።

"ዘጋብኝኮ!" አለ ዋረን ጉልበቱን እየመታ። "እሱ እስኪያወርዳት፣ እኔ እስኪፈቀድልኝ፣ እሳቱ ተሻግሮ ሣሩን ጨርሶታል። ላም እሳት ሲመጣባት ውሃ ዳር ካልሄደች የት ትሄዳለች፣ ባንክ?"

"ድሮኑ የራሱ እንደነበር አይናገርም?"

"ይናገራል እንጂ! 'የጫማ ካርቶን የምታህል ነገር አይቶ ሸሸ' ነው የሚለው።"

የዋረን ስልክ ጮኸ። አየው፣ ተነፈሰ፣ አነሳው።

"አቤት ፒት... ሁሉንም?... የወንዙ ዳር ሣር ለፈረሶቼ ነበር የተውኩት... አውቃለሁ... አውቃለሁ አልኩህኮ!" ዘጋው።

"ላሞቹን ሊያመጣብህ ነው?" አልኩት።

"ሌላ ማን አለው?"

ጎሚስታው የዋረን መኪና ማለቁን በእጁ አመለከተው። ዋረን ኮፍያውን ደፍቶ ሄደ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር አለ።

"ካገኘኸው ንገረው፤ ላሞቹ ይምጡ፣ ይብሉ። ግን ፈረስ ላይ ወጥቶ ራሱ ይንዳቸው። ያቺን ድሮን ተብዬ ዝንብ ካየሁበት በሩን አልከፍትም።"